ትንሿን አውሮፕላን መሸጥ፦ «አይ ኤፍ አር ነች?» ሲሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ስልኩ ሲጮህ እራት ላይ ነበርኩ። ደዋዩ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ «አይ ኤፍ አር ነች?» አለኝ፤ ደመና ውስጥ በመሣሪያ መብረር ይፈቀድላታል ወይ ማለቱ ነው። ዋጋ አልጠየቀም። የሞተሩን ሰዓትም አልጠየቀም። «አዎ፣ ምን ጥያቄ አለው!» አልኩት። ያቺ መልስ ሁለት ወር አስከፈለችኝ።

ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 የተሠራች፣ ክንፏ ከላይ የሆነ ቀላል ስፖርት አውሮፕላን ነበረችኝ። ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኤርፖርት ላይ ሃንጋር ተከራይቼ አምስት ዓመት አበረርኳት። ልጆቹ ኮሌጅ ደረሱ፣ የሃንጋሩ ኪራይ ጨመረ፣ መሸጥ ግድ ሆነ። እኔ ስገዛት የሸጠልኝ ሰው «ይቺ እኮ አይ ኤፍ አር ነች» ብሎኝ ነበር። ሁለት ትልልቅ ስክሪን፣ አውቶፓይለት፣ ጂፒኤስ፤ ላየው ሰው የጄት ኮክፒት ነው የሚመስለው። አምኜው ኖርኩ። እኔ የምበረው ሰማዩ ሲጠራ ብቻ ስለነበር ማጣራትም አላስፈለገኝም። ማስታወቂያው ላይም እሱ እንዳለኝ ጻፍኩ።

ደዋዩ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ከኦሃዮ ስድስት ሰዓት ነድቶ መጣ። አውሮፕላኗን ዞር ዞር ብሎ እንኳን አላያትም። በሩን ከፍቶ ከወንበሩ ጀርባ ያለችውን የወረቀት ቦርሳ አወጣና ክንፏ ስር ቆሞ ማገላበጥ ጀመረ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳርፎ ወደ እኔ አዞረልኝ። አንዲት መስመር ነች፤ በመሣሪያ መብረር አይፈቀድም ትላለች። አምስት ዓመት ሙሉ ከጀርባዬ ተቀምጣ አንድ ቀን አንብቤያት የማላውቅ መስመር። ሰውየው አልተቆጣም፣ እሱ ነው የባሰው። የሰጠሁትን ቡና ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ሌላ ስድስት ሰዓት ሊነዳ ሄደ።

ስለዚህ ይቺን ዓይነት አውሮፕላን ለመሸጥ የምታስቡ ካላችሁ ከፎቶ አትጀምሩ። ከወረቀት ጀምሩ።

ወረቀቷ ምን ትላለች?

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ቪ ኤፍ አር ውጭውን በዓይን እያዩ መብረር ነው። አይ ኤፍ አር ደግሞ ደመና ውስጥም ቢሆን በኮክፒቱ መሣሪያና በአየር ትራፊክ ኮንትሮል ፈቃድ መብረር። ኤል ኤስ ኤ የሚባለውን ቀላል ስፖርት አውሮፕላን የአሜሪካው አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍ ኤ ኤ፣ በ2004 ነው ያወጣው። ስትነሳ ከ1,320 ፓውንድ፣ ማለትም ከ600 ኪሎ ያልበለጠች፣ ከሁለት ወንበር ያልዘለለች፣ ባለ አንድ ሞተር፣ እግሯ የማይታጠፍ፣ ከ120 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ222 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የማትፈጥን፣ ክንፏ አየር መያዝ የሚያቆምበት ፍጥነትም ከ45 ኖት የማይበልጥ። ውሃ ላይ ለምታርፈው ክብደቱ 1,430 ፓውንድ ነው። ሐሳቡ እሁድ ጠዋት ተነስቶ አንድ ሰዓት በርሮ ቁርስ በልቶ የሚመለስ ሰው ነበር። ደመና ሰንጥቆ የሚያልፍ ሰው አልነበረም።

ሁለት ዓይነት አለች። አንዷ ስፔሻል የምትባለው፣ ፋብሪካው ሠርቶ ጨርሶ የሸጣት ነች። ይቺኛዋን ማከራየትም ተማሪ ማስተማርም ይቻላል። ግን ያለ ፋብሪካው የጽሑፍ ፈቃድ አንዲት ራዲዮ እንኳን መቀየር አይቻልም። ሁለተኛዋ ኤክስፐርመንታል ነች። በእሷ ላይ ባለቤቱ ነፃነት አለው፤ የ16 ሰዓት ኮርስ ወስዶ ወረቀቱን ካወጣ የራሱን አውሮፕላን ዓመታዊ ምርመራ ራሱ መፈረም ይችላል። ማከራየት ግን የለም። የእናንተ የትኛዋ እንደሆነች ሮዟ የብቃት ምስክር ወረቀት ላይ ተጽፏል። ገዢ ከመደወሉ በፊት እዩት።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ከሮዟ ወረቀት ጋር የአሠራር ገደብ የሚባሉ ገጾች አሉ። ተራ ተያያዥ ወረቀት እንዳይመስሏችሁ፤ የምስክር ወረቀቱ አካል ናቸው፣ አውሮፕላኗ ውስጥም መኖር አለባቸው። እዚያ ላይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ ታገኛላችሁ። አንዳንዷ «ለሌሊት ወይም ለመሣሪያ በረራ የሚያስፈልገው ዕቃ ካልተገጠመላት በቀር ቀን በቪ ኤፍ አር ብቻ» ትላለች። ይሄ በር ይከፍታል። ሌላዋ ቁርጥ አድርጋ «ቪ ኤፍ አር ብቻ» ትላለች። ይሄ ይዘጋል። ገደቡ ቢከፍት እንኳን የበረራ መመሪያ መጽሐፉ ሊዘጋው ይችላል፤ ስፔሻል ከሆነች ደግሞ ፋብሪካው መመሪያው ላይ የጻፈው ያስራችኋል። የኤል ኤስ ኤ መደብ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፋብሪካዎቹ የሚከተሉት የጋራ ደረጃ ራሱ ለቪ ኤፍ አር እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሞዴል ሆነው የቀድሞዋ የሚፈቀድላት፣ የኋለኛዋ የማይፈቀድላት ልትሆን ትችላለች። «የጓደኛዬ እኮ ይፈቀድላታል» የሚል ክርክር ዋጋ የለውም። የራሳችሁን አንብቡ።

ገጾቹ ከጠፉባችሁ አትደንግጡ። የብዙ ሰው ጠፍተዋል። የአውሮፕላኗ ሙሉ ፋይል ኦክላሆማ ሲቲ ያለው የኤፍ ኤ ኤ መዝገብ ቤት አለ፤ በጥቂት ዶላር ቅጂውን ያወጡላችኋል። ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት አስመጡት፣ ምክንያቱም ገዢው ማስመጣቱ አይቀርም። አብሮም የሆነ የድሮ ብድር እዳ ተመዝግቦ ከሆነ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ከፍላችሁ የጨረሳችሁትን ብድር ባንኩ ሳይሰርዘው ቀርቶ ሽያጭ ሲያስተጓጉል አይቻለሁ።

ስክሪኑ አያታልላችሁ

ወረቀቱ ፈቀደ እንበል። ቀጥሎ ዕቃው ነው። ሕጉ ለመሣሪያ በረራ የሚጠይቀው ዝርዝር አለ፦ ለበረራው የሚሆን ራዲዮና የመንገድ መሪ መሣሪያ፣ አድማሱን የሚያሳይ ጋይሮ፣ አቅጣጫ የሚያሳይ ጋይሮ፣ የመታጠፊያ መለኪያ፣ ወደ ጎን መንሸራተቷን የምታሳየው ኳስ፣ በአየር ግፊት የሚስተካከል ከፍታ መለኪያ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ በቂ ኃይል የሚሰጥ ጄኔሬተር። ስክሪኑ ከዚህ አብዛኛውን ያሟላ ይሆናል። የሚያሰናክለው ጂፒኤሱ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ካርታ ያሳያል፣ ተራራውን በቀለም ይስላል፣ መንደርደሪያውን ሳይቀር ያመጣዋል፤ ግን ለአይ ኤፍ አር የተፈቀደ አይደለም። የተፈቀደው እንደ ጋርሚን ጂ ቲ ኤን 650 ወይም እንደ ድሮው 430ደብልዩ ያለ፣ ለብቻው የተገጠመ ሳጥን ነው። ታብሌት ላይ የምትከፍቱት ካርታማ ጭራሽ አይቆጠርም።

ከዚያ ቀኖቹ። ለአይ ኤፍ አር የከፍታ መለኪያውና የአየር ቱቦው ሲስተም በየ24 ወሩ መፈተሽ አለበት። ለኮንትሮል ራዳር ማንነቷን የሚያሳውቀው ትራንስፖንደርም እንደዚያው፣ እሱ እንኳን ለቪ ኤፍ አርም ነው። ፈተናው ካለፈበት «አይ ኤፍ አር ነች» ማለት ቦሎ የሌላትን መኪና «ነገ ትነዳታለህ» ብሎ እንደመሸጥ ነው።

ሕጉ ይቅርና ደመናው ራሱ አለ። እነዚህ አውሮፕላኖች ቀላል ናቸው። ንፋስ ሲመታ ሌላው የሚወዛወዘውን እነሱ ይዘላሉ። በረዶ ክንፋቸው ላይ ቢይዝ የሚያራግፉበት ነገር የላቸውም። የብዙዎቹ ሞተር፣ ሮታክስ 912፣ ውስጡ ያለው ጄኔሬተር ወደ 20 አምፒር ገደማ ነው የሚሰጠው። ሁለት ስክሪን፣ ራዲዮ፣ ትራንስፖንደር፣ አውቶፓይለት፣ መብራት፣ በዚያ ላይ የፍጥነት መለኪያ ቱቦውን የሚያሞቅ ማሞቂያ ስትጨምሩበት እንጀራው ሳይበቃ እንግዳ እንደበዛበት ቤት ይሆናል።

ክብደቱንም ቁጭ ብላችሁ አስሉት። 1,320 ይፈቀዳል፤ ባዶዋ 820 ፓውንድ ብትሆን 500 ይቀራል። እያንዳንዳቸው 180 ፓውንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች 360። 20 ፓውንድ ሻንጣ። የቀረው 120 ፓውንድ ማለት 20 ጋሎን ቤንዚን ነው። በሰዓት 5 ጋሎን ከጠጣች አራት ሰዓት። ለአይ ኤፍ አር እስከ መድረሻው፣ አየሩ ከከፋ እስከ ተለዋጭ ኤርፖርት የሚያደርስ ቤንዚን፣ ከዚያ በላይ የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ መያዝ አለባችሁ። ሁሉንም ስትቀንሱ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ጉዞ ይቀራችኋል። ለአንዳንዱ ሰው በቂ ነው። ከነሚስቱ ቺካጎ ሊሄድበት ላሰበው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ማን ነው የሚገዛችሁ?

ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኤል ኤስ ኤ የሚፈልግ ብዙ ሰው የሚፈልጋት ሜዲካል፣ ማለትም የፓይለት የጤና ምስክር ወረቀት፣ ስለማትጠይቅ ነው። በመንጃ ፈቃዱ ብቻ እንደ ስፖርት ፓይለት ይበርራል። ስፖርት ፓይለት ደግሞ አይ ኤፍ አር መብረር አይችልም። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ፣ ማለትም በመሣሪያ የመብረር ፈቃድ፣ ያለው የድሮ ፓይለትም ቢሆን ሜዲካሉን ትቶ በመንጃ ፈቃድ እየበረረ ከሆነ ደመና ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለዚያ ወይ ሜዲካል ወይ በ2017 የመጣው ቀለል ያለ የጤና ማረጋገጫ፣ ቤዚክሜድ፣ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አስቡት። ስልክ ደውለው «አይ ኤፍ አር ነች?» ከሚሉት ስንቱ ቢፈቀድላትስ ሊጠቀምበት ይችላል? የኦሃዮው ሰው ቤዚክሜድ ስለነበረው ጥያቄው ልክ ነበር። ከእሱ በኋላ ከደወሉት ውስጥ ግን ሜዲካል እንደሌላቸው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የነገሩኝ ነበሩ።

ገበያው ደግሞ ተቀይሯል። ሞዛይክ የሚባለው አዲሱ ሕግ በጁላይ 2025 ወጥቶ፣ ከኦክቶበር 22 ቀን 2025 ጀምሮ ስፖርት ፓይለቱ ከድሮው በጣም ሰፋ ያሉ አውሮፕላኖችን እንዲበር ፈቀደለት። መለኪያው ክብደት ሳይሆን ክንፏ አየር መያዝ የሚያቆምበት ፍጥነት ሆነ፤ ፍላፕ የሚባለው የክንፉ ተቀጥላ ሳይወጣ 59 ኖት። ሴስና 172 እንኳን ገባች። ወንበሯ አራት ቢሆንም የሚጫነው ሰው አንድ ብቻ ነው። አይ ኤፍ አሩ አሁንም አልተፈቀደለትም። ለሻጭ ይሄ ምን ማለት ነው? «ሜዲካል አትጠይቅም» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ የሚያስጨምርበት ጊዜ አለፈ። ያላችሁን ሌላ ነገር ሽጡ። አዲስነቷን፣ ቤንዚን ቆጣቢነቷን፣ የመኪና ቤንዚን መጠጣቷን፣ በአደጋ ጊዜ ራሷን አውሮፕላኗን የሚያወርደውን ፓራሹቷን።

እና ለመሣሪያ በረራስ ጭራሽ አትረባም ማለት ነው? አይደለም። ለልምምድ ትረባለች። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ለማውጣት 40 ሰዓት በመሣሪያ መብረር ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ እውነተኛ ደመና ብቻ አይደለም፤ በጠራ ቀን ሁድ የሚሉትን ውጭ እንዳያዩ የሚከልል ቆብ አድርጎ፣ አስተማሪው ከጎን ሆኖ ይበረራል። ቪ ኤፍ አር ብቻ የሆነችው አውሮፕላን ለዚህ ሕጋዊ ነች። ያም ሆኖ አንድ ቀዳዳ አለ። ሬቲንጉ ከሚጠይቃቸው በረራዎች አንዱ በኮንትሮል መንገድ የሚሄድ፣ የአይ ኤፍ አር የበረራ ፕላን የተሞላበት፣ 250 ኖቲካል ማይል የሚሆን ጉዞ ነው። ያንን ቪ ኤፍ አር ብቻ በሆነች አውሮፕላን መሥራት አይቻልም። ሌላ መከራየት ነው። ለፈተናውም ቀድሞ ፈታኙን ማነጋገር ይበጃል። ይህንን ለገዢው እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት። አስተማሪው ከነገረው እናንተ ውሸታም ትሆናላችሁ።

«ስፔሻሏን ወደ ኤክስፐርመንታል ቀይሬ አይ ኤፍ አር አድርጌ ብሸጣትስ?» የሚል አይጠፋም። ይቻላል። አዲስ የምስክር ወረቀትና አዲስ ገደብ ይወጣል፣ ዕቃው ከተሟላም አይ ኤፍ አሩ ሊፈቀድ ይችላል። ግን ማከራየቱ ይቀራል፤ የበረራ ትምህርት ቤት ገዢዎች በሙሉ ይሸሿችኋል። ወደ ኋላ መመለሱም ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ለጂፒኤሱና ለመግጠሚያው የምታወጡት ብር በሽያጭ ዋጋው ላይ ተመልሶ አይመጣም። የእኔ ምክር አትንኩት ነው። የሚፈልግ ገዢ ገዝቶ ራሱ ይቀይራት።

ማስታወቂያው

ከኦሃዮው ሰው በኋላ ማስታወቂያዬን አውርጄ እንደገና ጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ነው የወጣው፣ ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦

«የ2008 ሥሪት፣ ስፔሻል ኤል ኤስ ኤ። መመሪያዋም የአሠራር ገደቧም ቪ ኤፍ አር ብቻ ይላሉ፤ የሁለቱም ገጽ ፎቶ ተያይዟል። ባለ ሁለት ስክሪን፣ አውቶፓይለት ያላት። ለሁድ ልምምድ የተመቸች፣ ደመና ውስጥ ለመግባት ግን ያልተፈቀደች። የሞተሩ ጎማ ቱቦዎች መቼ እንደተቀየሩ፣ የፓራሹቱ ቀን መቼ እንደሚያልፍ ከታች ተጽፏል። የግራ ጎማ መሸፈኛዋ ላይ የተጠገነ ስንጥቅ አለ፣ ፎቶ ቁጥር 14።»

የደዋዩ ቁጥር ቀነሰ። የሚደውለው ግን ቁም ነገር ያለው ሆነ። ማስታወቂያውን ባርንስቶርመርስ እና ትሬድ ኤ ፕሌን የሚባሉት የአውሮፕላን መሸጫ ድረ ገጾች ላይ አወጣሁ፤ አገር ምድሩ የሚያየው እዚያ ነው። በየኤርፖርቱ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አትናቁ።

ፎቶ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጀንበር ስትጠልቅ የተነሳች ቆንጆ አውሮፕላን ማንም አለችው። ገዢ የሚፈልገው የሞተሩን ክዳን ከፍታችሁ ያነሳችሁትን፣ የሆዷን የዘይት ጠብታ፣ የሎግቡኩን የመጨረሻ ሦስት ገጽ ነው።

ሎግቡክ፣ ሞተር፣ ፓራሹት

ሎግቡኩ የአውሮፕላኗ ሊብሬ ብቻ አይደለም፣ የሕይወት ታሪኳ ነው። የአካሏ፣ የሞተሯ፣ የፕሮፔለሯ። አንድ ዓመት የጎደለበት ሎግቡክ ዋጋ ይጥላል። ሁሉንም ገጽ ስካን አድርጋችሁ አስቀምጡ። ኦሪጅናሉን ግን ብሩ ሳይገባ ለማንም አትስጡ፣ «መካኒኬ ቤት ወስዶ ይይልኝ» ላለውም ጭምር።

ሮታክስ ሞተር ላይ የሚያውቅ ገዢ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዕድሜውን፤ የቅርብ ጊዜዎቹ 912ቶች ትልቁ እድሳት የሚመጣው በ2,000 ሰዓት ወይም በ15 ዓመት ነው፣ የቀደመው። የድሮዎቹ ያነሰ ነው። ቆማ የኖረች ባለ 300 ሰዓት ሞተር ሁልጊዜ ትሻላለች ማለት አይደለም። ሁለተኛ የጎማ ቱቦዎቹን፤ በየአምስት ዓመቱ ነው የሚቀየሩት፣ ሥራው ደግሞ ርካሽ አይደለም። ሦስተኛ ምን ቤንዚን ስትጠጣ እንደኖረች፤ ሊድ ያለበትን የአውሮፕላን ቤንዚን ያዘወተረች ከሆነ ዘይቷ ቶሎ ቶሎ መቀየር ነበረበት፣ ተቀይሮ እንደሆነ ሎግቡኩ ይናገራል። ስፔሻል ከሆነች ደግሞ ፋብሪካው ያወጣቸው የደኅንነት መመሪያዎች አንድ በአንድ መፈጸማቸውን የሚያሳይ ዝርዝር አዘጋጁ።

ፓራሹት ያላት አውሮፕላን ለሚስት ትሸጣለች ይባላል። እውነት ነው፣ የእኔንም ያጸደቀችው ባለቤቴ ነች። ነገር ግን ፓራሹቱም እሱን የሚያስወነጭፈው ሮኬትም የሚያልፍበት ቀን አላቸው፤ ማሳደሱ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ቀኑ ከደረሰ ወይ አሳድሱ ወይ ከዋጋው ላይ ቀንሱና በግልጽ ጻፉት።

ዋጋ ስታወጡ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው የሚሸጠው ዋጋ እንዳልሆነ አትርሱ። እሱ የሻጩ ምኞት ነው። ስድስት ወር ተሰቅሎ የቆየ ዋጋ ሲሆን ደግሞ የማይሠራ ምኞት ነው። እኔ 72,000 ብዬ ጀምሬ 66,500 ላይ ተጨባበጥኩ።

ገዢው ሲመጣ

የገዛኝ በመጨረሻ የእኛው ልጅ ሆነ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ቀን ኡበር ይነዳል፣ ማታ ያጠናል፣ የግል ፓይለት ላይሰንሱን አውጥቷል። «ጋሼ፣ ደመና ውስጥ እንደማትገባ አንብቤያለሁ» አለኝ ገና ሳልናገር። «እኔ የምፈልገው ሰዓት ነው።» ለኮሜርሻል ላይሰንስ 250 ሰዓት ያስፈልገዋል፤ በሰዓት 5 ጋሎን በምትጠጣ አውሮፕላን መሙላት እንደሚያዋጣው ገብቶታል። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ኪሴ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አላስለቀቀኝም።

ሙከራ በረራ ላይ ሕጌ ይሄ ነው። ከመምጣቱ በፊት ኢንሹራንሴ ጋ ደውዬ ሌላ ሰው ሲይዛት ምን እንደሚሸፍኑ እጠይቃለሁ። በበረራው ላይ አዛዡ እኔ ነኝ፣ መነሳትና ማረፉን እኔ ነኝ የምሠራው። አየር ላይ ግን መሪውን ያዝ እለዋለሁ። ነፃ በረራ ፈልገው የሚመጡም ስላሉ ቀብድ ሳይሰጥ ሁለተኛ በረራ የለም። ቀብዱም ውል ይኑረው፤ በሁለት አንቀጽም ቢሆን፣ ምርመራው ላይ ምን ከተገኘ እንደሚመለስ የሚል።

የቅድመ ግዢ ምርመራውን ገዢው በመረጠው መካኒክ፣ በገዢው ወጪ ያስደርግ። የራሳችሁን መካኒክ አትገፋፉት፣ ጥርጣሬ ይፈጥራል። መካኒኩ ሮታክስ የሚያውቅ መሆኑን ብቻ ጠይቁ፣ ካላወቀ ጤነኛውን ነገር ሁሉ ብልሽት ብሎ ይጽፍባችኋል። በዚህ ልጅ ምርመራ ላይ የተገኘው አንድ የደከመ ባትሪና የፊት እግሯ ላይ ያረጀ ጎማ ነበር። ሁለቱን ቀየርኩለት፣ አለቀ።

ልጁ ግሪን ካርድ ነው ያለው። ይሄ የብዙዎቻችሁ ጉዳይ ስለሆነ ልንገራችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው አውሮፕላን በስሙ ማስመዝገብ ይችላል። ኢንስትሩመንት ሬቲንግ ትምህርት ሲጀምር ግን፣ ዜጋ ስላልሆነ፣ መጀመሪያ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤቱን፣ ቲ ኤስ ኤን፣ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ድሮ ለግል ላይሰንሱ ያገኘው ፈቃድ ለዚህ አያገለግልም ነበር፤ ከ2024 ወዲህ ግን ፈቃዱ እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፣ ካለፈበት እንደገና ነው። አላወቀም ነበር። ነገርኩት።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ዘመዴም «ለምን ወደዚህ አትልካትም?» ብሎኝ ነበር። የምስክር ወረቀቷ ልዩ ነው፤ ከአሜሪካ ስትወጣ በገባችበት አገር ፈቃድ ነው የምትበረው። ለአገር ቤት ማለት የአሜሪካ ምዝገባዋን ሰርዞ፣ ፈቃዱን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መለመን ነው። ከእሷ ይልቅ ልብስ ልላክልህ አልኩት።

ብሩና ስም ማዞሩ

ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ «ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ» የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ሌባ ነው። የባንክ ቼክ ይዞ የመጣም ቢሆን ቼኩን ባወጣው ባንክ፣ በሥራ ቀን፣ አብራችሁ ገብታችሁ አረጋግጡ። ከሩቅ ለሚገዛ ሰው አውሮፕላን ላይ የሚሠራ ኤስክሮ ይሻላል፤ ብሩንም ወረቀቱንም ይዞ፣ የእዳ ፍለጋውን አድርጎ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይለቃል።

የሽያጭ ሰነዱ ፎርም 8050-2 ነው፣ አንዲት ገጽ። ቀላል ትመስላለች። የእኛን ሰው የምታስቸግረው ግን እሷ ነች። በምዝገባው ላይ ያለው ስምና የምትፈርሙበት ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። እኛ ደግሞ ግሪን ካርዱ ላይ የአያት ስም አለ፣ ዜግነቱ ላይ የለም፤ አንዱ ላይ በ«ዋይ» ሌላው ላይ በ«አይ»። እኔ ስገዛት በግሪን ካርዴ አጻጻፍ ነበር የተመዘገብኩት፣ ስሸጥ በፓስፖርቴ ልፈርም ስል ልጁ ነው ያስቆመኝ። ስማችሁ ከተቀየረ የሚያስረዳ ወረቀት አያይዙ። ምዝገባው በሁለት ሰው ስም ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። በተረፈ ምዝገባችሁ አለማለፉን እዩ፤ አሁን ሰባት ዓመት ነው የሚያገለግለው።

ገዢው ፎርም 8050-1 ሞልቶ ከሽያጭ ሰነዱ ጋር ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ይልካል፣ ቅጂውን ይዞም እስከዚያው አሜሪካ ውስጥ ይበራል። እናንተ ደግሞ የድሮውን የምዝገባ ካርድ ጀርባ ሞልታችሁ፣ መሸጣችሁን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ እዚያው ላኩ። ይሄን እሱ ያደርገዋል ብላችሁ አትተዉ። የሁሉንም ፎቶ አንሱ። ኢንሹራንሱን የምትሰርዙት ብሩ ገብቶ፣ ሰነዱ ተፈርሞ፣ አውሮፕላኗ ከሃንጋራችሁ ከወጣች በኋላ ነው።

የቀረችው የአደጋ ምልክት አስተላላፊዋ ነች፣ ኢ ኤል ቲ። 406 ሜጋኸርዝ ከሆነች በስማችሁና በስልካችሁ ኖኣ የሚባለው መሥሪያ ቤት ጋ ተመዝግባለች፤ ኦክላሆማ ሲቲ ያደረጋችሁት ነገር እሷን አይነካትም። እኔ ረሳኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሌሊቱ በስድስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። የነፍስ አድን ማስተባበሪያ ነው፤ አውሮፕላንህ ምልክት እየላከች ነው፣ የት ነህ ይለኛል። አልጋዬ ላይ ነኝ አልኩ። በድንጋጤ ልጁ ጋ ደወልኩ። ሃንጋር ውስጥ ሆኖ ከወንበሩ ጀርባ ሲያጸዳ ማብሪያዋን ነክቷት ኖሯል። «ጋሼ፣ በሰላም ነው በዚህ ሰዓት?» አለኝ።